የሥነ ልቦና ባለሙያዎን ከመምረጥዎ በፊት

«የት ተማሩ? እንደኔ ያለ ችግር ሲገጥምዎ በምን መንገድ ያክማሉ?» ብሎ ባለሙያን ፊት ለፊት መጠየቅ ለብዙዎቻችን ድፍረት ይመስለናል። ሐኪም ፊት ስንቀርብ አንገት ደፍቶ የተባሉትን ተቀብሎ መውጣት ነው የለመድነው። ለጉንፋን ሲሆን ይህ ልማድ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። የሥነ ልቦና ሕክምና ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ለእናትና ለእህት እንኳ ያልተነገረ ነገር የሚነገርበት ነው። መድኃኒቱም በሁለታችሁ መካከል የሚደረገው ንግግር ራሱ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ባለሙያ በጥያቄው አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚቀየም ከገጠመዎ ደግሞ ገና ገንዘብዎንና ጊዜዎን ሳያወጡ አንድ ቁም ነገር አውቀዋል ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩ። እርስዎ ወይም የሚወዱት ሰው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለበት፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ለቀናት ሳይተኛ እየተቅበዘበዘ ከሆነ ባለሙያ የሚመረጥበት ጊዜ አይደለም። በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚታወቁ በሮች ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አሜሪካ ላሉ 988 ላይ መደወል ይቻላል። እስኪደርሱ ድረስ ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፤ ቤት ውስጥ ያለ ፀረ ተባይ፣ የተጠራቀመ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ ያርቁ። «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምረውም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል።

አንደኛ፦ የሚያስቸግርዎትን በወረቀት ያስፍሩ

አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያባብሰው፣ በተለይ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳስቆመዎት ይጻፉ። «ጭንቀት አለብኝ» ከሚለው ይልቅ «ከጥቅምት ጀምሮ ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም መሄድ ትቻለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለው ለባለሙያ ብዙ ይናገራል። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ አልኮልና ጫትን ጨምሮ፣ ሳያፍሩ ያስገቡ። ጸበል ገብተው ከሆነ፣ ዱዓ አስደርገው ከሆነ፣ ሽማግሌ ተቀምጦልዎት ከሆነ እሱንም ይጻፉ። እስካሁን የሞከሩት መፍትሔ ሁሉ የታሪክዎ አካል ነው።

እኛ ዘንድ ሐዘንና ጭንቀት ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ይናገራሉ፦ ጭንቅላትን ያቃጥላል፣ ልብን ያፍናል፣ ጀርባን ይወጋል። ስለዚህ በቅድሚያ ጠቅላላ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ልብን ሊያስመታና ሊያስጨንቅ ይችላል፤ የደም ማነስ ድካሙን ድብርት ሊያስመስለው ይችላል። ይህን ሳያጣሩ ወራት በንግግር ማሳለፍ ያሳዝናል።

ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ፒ ኤች ኪው 9 የሚባል አጭር መጠይቅ አለ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው ስሜት፣ እንቅልፍ፣ ምግብና ጉልበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ማየት ይገባል። ቁጥሩ በሽታውን አይሰይምም፤ ነገር ግን ዛሬ 17 የነበረ ከሁለት ወር በኋላ 8 ከሆነ ሕክምናው እየሠራ ስለመሆኑ ከስሜት የበለጠ ማስረጃ ይሰጥዎታል። ውጤቱን ከነቀኑ ያስቀምጡት፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፦ ማን ምን እንደሚሠራ ይወቁ

ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ መድኃኒት የሚያዝ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሥነ ልቦና ትምህርት ተምሮ በሕመም ምዘናና በንግግር ሕክምና የሠለጠነ ነው፤ መድኃኒት አያዝም። ካውንስለር በትዳር፣ በሥራ፣ በትምህርት፣ በሐዘን ጉዳዮች ላይ ያማክራል። የአእምሮ ጤና ነርሶችም አሉ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ክፍሉን ተሸክመው የሚገኙት እነሱ ናቸው። ጤና ጣቢያዎች ላይ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ የሠለጠኑ ጤና ባለሙያዎች ለድብርትና ለመሳሰሉት የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይሰጣሉ። አቅም ውስን ከሆነ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ወደ መንግሥት ሆስፒታል የሚወስደው የሪፈር ወረቀትም የሚጻፈው እዚያው ነው።

ግራ የሚያጋባው «ዶክተር» የሚለው መጠሪያ ነው። በሥነ ልቦና ሦስተኛ ዲግሪ ያለውም፣ የሕክምና ዶክተሩም ዶክተር ይባላሉ። አገራችን ውስጥ የሚሠሩ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች አብዛኞቹ ባለ ሁለተኛ ዲግሪ ናቸው፤ ይህ ጉድለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሳይኮሎጂስት ተብሎ በግል ለመሥራት በጥቅሉ ሦስተኛ ዲግሪና የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለ ሁለተኛ ዲግሪዎቹ በሌላ የፈቃድ ስም ይሠራሉ፣ ብዙዎቹም ጎበዝ ቴራፒስቶች ናቸው። ስለዚህ ከመጠሪያው ይልቅ ሥልጠናውን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ የኋላ ታሪኩን ያጣሩ

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሲጀመር ከምርምር ጋር ተጣምሮ የተወለደ ሙያ ነው። ላይትነር ዊትመር የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ኮሎራዶ፣ ቦልደር ላይ የተሰበሰቡ አሠልጣኞችም አንድ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሕክምናም ምርምርም የሚያውቅ መሆን አለበት ብለው ተስማሙ። ይህን የማነሳው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ባለሙያውን «ይህ መንገድ እንደሚሠራ በምን ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ከሙያው ሥር የመነጨ ጥያቄ መሆኑን እንዲያውቁት ነው።

የሚጣሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያ ዲግሪው በምን ነው? የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሰው ባህርይ ጠቅላላ እውቀት ይሰጣል እንጂ ለብቻው ሕክምና ለመስጠት አያበቃም። ቀጥሎ የሙያ ፈቃዱ ነው፤ የጤና ተቋማት ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ መስቀላቸው የተለመደ ነው፣ የባለሙያው ፈቃድ ደግሞ በየጊዜው ይታደሳል። «የታደሰ ነው?» ማለት ነውር የለውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው፣ ንግግሩ የሚጥም ሰው ሁሉ ባለሙያ አይደለም። አነቃቂ ንግግርን የሚወዱ ሰዎች ይጠቀሙበታል፤ በሽታን ማከም ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፦ «ታካሚ ማየት የተለማመዱት የት ነው? ሥራዎን ማን ይከታተልልዎት ነበር? አሁንስ የሚያማክሩት ሰው አለ?» የንግግር ሕክምና ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ጀማሪው ታካሚ አይቶ ይወጣል፤ ከዚያ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ፣ ምን እንዳመለጠው ይነጋገራል። ይህ ሱፐርቪዥን ይባላል። ከ20 ዓመት ልምድ በኋላም ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው ስም ሳይጠቅስ ከባልደረባው ጋር የሚመካከር ባለሙያ አለ፤ እንዲህ ያለውን ካገኙ ይያዙት። አሥር ዓመት ብቻውን የሠራ ሰው አንድ ስሕተት ለአሥር ዓመት ደጋግሞ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አላየለትምና።

በመጨረሻም በእርስዎ ችግር ላይ ያለውን ልምድ ይጠይቁ። በሕፃናት የንግግርና የባህርይ ችግር የተካነ ባለሙያ ለሱስ፣ ለሱስ የሚሆነው ደግሞ ለጦርነት ሰቆቃ ላይመች ይችላል። «ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም፤ ወደ እገሌ ልላክዎት» የሚል ባለሙያ ሐቀኛ ነው።

አራተኛ፦ ከቀጠሮ በፊት ይደውሉ

አሥር ደቂቃ የማይሞላ ስልክ ብዙ ወጪና ድካም ያስቀራል። ምን እንደሚሉ ካስቸገረዎት እንዲህ ማለት ይችላሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቀጠሮ ከመያዜ በፊት ሁለት ሦስት ነገር ብጠይቅዎት ይፈቅዱልኛል? ከስድስት ወር ወዲህ ድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት ያስቸግረኛል፤ ሐኪም አይቶኝ ልብህ ደህና ነው ብሎኛል። እንደዚህ ዓይነት ሰው አክመው ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ በምን መንገድ ነው የሚሠሩት? ስንት ጊዜ ያህል መመላለስ ይኖርብኛል? ክፍያውስ እንዴት ነው?»

መልሱን ሲያዳምጡ ይዘቱን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ያስተውሉ። «አዎ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች አያለሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀጠሮ ምዘና እናደርጋለን። ፍርሃቱን ምን እንደሚቀሰቅሰው ካወቅን በኋላ ደረጃ በደረጃ እንለማመዳለን፤ ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀጠሮ ይወስዳል፣ መሐል ላይ አብረን እንገመግማለን» የሚል መልስ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው የሚወጣ ነው። «አይዞህ፣ አንዴ ና እንጂ እኔ እገላግልሃለሁ» የሚለው ልብ ያሞቃል፤ ነገር ግን ምንም አልነገረዎትም። ጸሐፊዋ ስልኩን አንስታ ባለሙያው ሰው እያየ ነው ብትል አይዘኑ፤ ጥያቄዎን ትተው መልሶ እንዲደውልልዎት ይጠይቁ።

ክፍያን አስቀድሞ መነጋገር ሊያሳፍር አይገባም። ለአንድ ቀጠሮ ተበድረው ከፍለው በሁለተኛው ከሚያቋርጡ፣ ቀጠሮው በሁለት ሳምንት አንዴ እንዲሆን ወይም ክፍያው እንዲቀልልዎት ይጠይቁ። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ይቀበላሉ።

አምስተኛ፦ የሕክምናውን መንገድ ይረዱ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው ብዙ የሚደናገረው እዚህ ነውና። በአንድ ምሳሌ እንሂድ።

አንዲት ወጣት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በታክሲ ስትሄድ ድንገት ልቧ ይደልቃል፤ እጇን ያልባታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «መሞቴ ነው» ብላ ታስባለች። «ወራጅ አለ!» ብላ መንገድ ላይ ትወርዳለች። ሐኪም ቤት ልቧ በኢ ሲ ጂ ይታያል፣ ደሟ ይመረመራል፣ ምንም የለም ትባላለች። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ ታክሲ የምትሳፈረው በር አጠገብ ቦታ ካገኘች ብቻ ነው፤ ውሃ ሳትይዝ አትወጣም፤ ቀስ በቀስም ሥራ ቦታዋ ድረስ በእግሯ መሄድ ትጀምራለች። ፓኒክ የሚባለው ችግር ይህ ነው።

በአስተሳሰብና በባህርይ ሕክምና፣ ብዙዎች ሲ ቢ ቲ በሚሉት መንገድ፣ የሚሠራ ባለሙያ አዙሪቱን በወረቀት ይስልላታል፦ ልብ መታ፤ «መሞቴ ነው» አለች፤ በዚህ ሐሳብ ፈራች፤ ፍርሃቱ ልብን ይበልጥ አስመታ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ስሜቱ እስኪያልፍ ታክሲ ውስጥ ቆይተሽ ታውቂያለሽ? አታውቅም፤ ሁልጊዜ ወርዳለች። ስለዚህ ስሜቱ በራሱ እንደሚያልፍ ሰውነቷ ተምሮ አያውቅም። ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ እዚያው ክፍል ውስጥ በቀጭን የጁስ ስትሮ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንድትተነፍስ ወይም ደረጃ በሩጫ ወጥታ እንድትወርድ ያደርጋታል። ልቧ ይመታል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይረጋጋል። የምትፈራውን ስሜት በራሷ እጅ አምጥታ ሲሄድ አየችው ማለት ነው። ከዚያ የቤት ሥራው ይጀምራል፦ መጀመሪያ ከእህቷ ጋር አንድ ፌርማታ፣ ቀጥሎ ለብቻዋ፣ ቀጥሎ የኋላ ወንበር ላይ፣ በመጨረሻ ያለ ውሃ ኮዳ እስከ ሳሪስ። ለፓኒክ ጠንካራ የምርምር ድጋፍ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ይህ ነው።

ከሥነ ልቦና ትንተና ወገን የሆነ፣ ሳይኮዳይናሚክ በሚባለው መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ፍርሃቱ በተጀመረበት ወር በሕይወቷ ምን እየሆነ እንደነበር ይጠይቃል። ከቤተሰቧ ልትለይ ነበር? የታፈነ ንዴት ነበር? ከሰዎች ጋር ያላት ግንኙነት ደጋግሞ የሚይዘው መልክ ምንድን ነው? ከባለሙያው ጋር እዚያ ክፍል ውስጥ የሚፈጠረው ስሜትም ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል፤ አንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ደጋግመው ለሚወድቁ ሰዎች ግን ጥልቀቱ ይጠቅማል። ሳይኮሎጂስቱ ካርል ሮጀርስ ያስጀመሩትን መንገድ የሚከተል ባለሙያ በበኩሉ ብዙ አይመራም፤ በጥሞና ያዳምጣል፣ አይፈርድም፣ ሰውዬው ራሱን እንዲሰማ ቦታ ይሰጣል። ለሐዘንና ለውሳኔ መንታ መንገድ መልካም ነው። ለዚህች ወጣት ግን ማዳመጡ ብቻውን ታክሲ ላይ ላያሳፍራት ይችላል።

ሲ ቢ ቲን ካስጀመሩት ሰዎች ዋናው አሮን ቤክ በፍሮይድ የሥነ ልቦና ትንተና መንገድ የሠለጠነ ሳይካትሪስት ነበር። ድብርት ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው የሚለውን ሐሳብ በምርምር ሊያረጋግጥ ተነሳ፤ ማስረጃው አልደግፍ አለው። ታካሚዎቹ ስለ ራሳቸውና ስለ ነገ ያላቸውን የጨለመ ሐሳብ መመልከት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲሱ መንገድ ከዚህ ተወለደ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው አንድ ባለሙያ የተማረውን በማስረጃ ፊት ለመለወጥ መፍቀዱን ነው። ከባለሙያዎም ይህንኑ ይጠብቁ።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ እጅ ደጋግሞ መታጠብ፣ በር ደጋግሞ መፈተሽ፣ ጸሎትን «አልሞላም» ብሎ ሃያ ጊዜ መድገም ኦ ሲ ዲ የሚባለው፣ በግድ የሚደጋገም ሐሳብና ድርጊት ችግር፣ መልክ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥና ድግግሞሹን ማቆም መለማመድ ነው፤ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ቢተባበሩበት ይበልጥ ይሰምራል። ለድብርት ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ሰው የሚመልስ ዕቅድ ማውጣት ትልቅ ኃይል አለው።

በጦርነት፣ በስደት መንገድ፣ ወይም በዓረብ አገር ቤት ውስጥ የደረሰ ሰቆቃ ለተሸከመ ሰው የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል። በስደተኞች ዘንድ ብዙ የተሠራበት አንዱ መንገድ የሕይወት ታሪክን በቅደም ተከተል መተረክ ነው። ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ከልደት እስከ ዛሬ ባለው መስመር ላይ ለደስታው አበባ፣ ለመከራው ድንጋይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በየቀጠሮው ድንጋዮቹ አንድ በአንድ፣ ከባለሙያው ጋር፣ ይተረካሉ። በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም ንገሪኝ» ብሎ የሚያጣድፍ ሰው ግን ቁስል ይቀሰቅሳል እንጂ አያክምም።

ብዙ ባለሙያ «እንደ ሰዉ ሁኔታ እያጣመርኩ እሠራለሁ» ይላል። ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ለእኔ ሁኔታ ከየትኛው ይጀምራሉ? ለምን?» ምክንያቱን በተራ ቋንቋ ማስረዳት የሚችል ያውቀዋል።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን

ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ይበዛበታል፤ የጻፉትን ወረቀት አውጥተው ማንበብ ይችላሉ። ስለ ምስጢር እርስዎ ሳይጠይቁ ባለሙያው ማንሳት አለበት። ካላነሳ ይጠይቁ፦ «እዚህ የምናገረው የት ድረስ ነው ምስጢር የሚሆነው?» ሐቀኛው መልስ «ሁሉም» አይደለም። የራስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲጎዳ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ገደብ አለው፤ ያንን በግልጽ ሊነግርዎት ይገባል። ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥም ይጠይቁ። ባለቤትዎ ወይም ታላቅ ወንድምዎ ደውለው «እንዴት ነው?» ቢሉት ምን እንደሚመልስ መስማማት እኛ ባለንበት የቤተሰብ ቅርበት ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል።

እምነትዎን ይናገሩ። ጸበል እየተጠመቁ ከሆነ የሚያናንቅዎት ባለሙያ አያስፈልግዎትም፤ ጸበል ስለጀመሩ መድኃኒት ይቁም የሚልዎትንም አይስሙ። ሁለቱን አብረው የሚያስኬዱ ብዙ ሰዎች አሉ። የጾም ወቅት የመድኃኒት ሰዓትን የሚያዛባ ከሆነ መድኃኒቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ በራስዎ አያቋርጡ።

ውጭ አገር ላላችሁ ቋንቋ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛው ለሥራ የሚበቃ ሰው ሐዘኑን ሲናገር ቃል ሊያጥረው ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ካልተገኘ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፦ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን ሸክም በሁለት ቋንቋ እንዲሸከም ማድረግ ነው። አስተርጓሚው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ ዕቁብ ሰው እንዳይሆን ከሰጉ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም እንዲመደብልዎት ይጠይቁ። በኢንተርኔት አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ማየትም ይቻል ይሆናል፤ ሕጉ ከአገር አገር፣ አሜሪካ ውስጥም ከግዛት ግዛት ይለያያልና ባለሙያው እርስዎ ባሉበት አገር ሰው ማየት ይፈቀድለት እንደሆነ፣ ድንገተኛ ነገር ቢመጣ ማን እንደሚደርስልዎት አስቀድመው ይነጋገሩ።

ሰባተኛ፦ አራተኛው ቀጠሮ ላይ ቆም ይበሉ

ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1979 በባለሙያና በታካሚ መካከል ያለውን የሥራ ጥምረት በሦስት ከፈለው፦ መተማመን፣ በግብ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚያደርሰው ሥራ መስማማት። የዚህ ጥምረት ጥንካሬ ከሕክምናው ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። እነዚህን ሦስቱን ለራስዎ ይጠይቁ። ይህ ሰው የምለው ይገባዋል፣ ያከብረኛል? ምን ለማሻሻል እየሠራን እንደሆነ ሁለታችንም አንድ ዓይነት መልስ አለን? የምናደርገው ነገር ለምን እንደሆነ ይገባኛል? የፒ ኤች ኪው 9 መጠይቁንም እንደገና ይሙሉና ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊከብዱ ይችላሉ፤ የተዳፈነ ነገር ሲነካ ያማል። ያ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም። ነገር ግን ካልሠራ፣ እንደ ልማዳችን ስልክ ዘግቶ ከመጥፋት በፊት በአፍ ይናገሩ፦ «ያለፉት ሁለት ቀጠሮዎች ብዙም አልረዱኝም። መንገዱን ብንቀይር ምን ይመስልዎታል?» ይሉኝታ ይዞን ሳንናገር የቀረነው ቅሬታ ባለሙያውም እንዳይሻሻል፣ እኛም «ይህ ነገር አይሠራም» ብለን እንድንቀር ያደርጋል። ውይይቱ ካልፈታው ወደ ሌላ ባለሙያ እንዲልክዎትና አጭር ማጠቃለያ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ።

ውይይት የማያስፈልጋቸው ምክንያቶችም አሉ፤ ያኔ ተነስተው ይውጡ። ስለ ሌላ ታካሚው የሚያወራልዎት ነገ ስለ እርስዎም ያወራል። ብድር የሚጠይቅ፣ ንግድ የሚያጋራ፣ እቤትዎ ልምጣ የሚል፣ በፍቅር ዓይን የሚያይ፣ ሰውነትን የሚነካ፣ ታሪክዎን ወይም ፎቶዎን ለማስታወቂያ የሚፈልግ፣ ሳይካትሪስት ያዘዘውን መድኃኒት «ጣለው» የሚል፣ ሃይማኖትዎን ወይም ብሔርዎን የሚዳኝ ሁሉ ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው። እንዲህ ያለውን ለተቋሙ ኃላፊ፣ ፈቃድ ለሰጠው የጤና ተቆጣጣሪ አካል፣ ወይም ለሙያ ማኅበሩ ማመልከት ይቻላል፤ ቀኑንና የተባለውን ወዲያው በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ሲጨርሱ

ጥሩ ሕክምና ማብቂያውን አስቀድሞ ያቅዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀጠሮዎች ከሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ወደ ወር እንዲራራቁ ይጠይቁ። ከመሰናበትዎ በፊት ከባለሙያው ጋር አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሲመለስብዎት መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምንድን ነው፣ ለምሳሌ ሌሊት መንቃት ወይም ከሰው መሸሽ፤ የትኛው ልምምድ ረዳዎት፤ ከቤተሰብ ማን ቢያስተውል ሊነግርዎት ይችላል፤ ምልክቱ ሁለት ሳምንት ከቆየ የት ይደውላሉ። የመጨረሻውን የመጠይቅ ውጤት ከነቀኑ እዚያው ላይ ያስፍሩ። አንዱን ቅጂ ለራስዎ ይያዙ፣ ሌላው በፋይልዎ ይቀመጥ፤ ተመልሰው ቢመጡ ከዜሮ አይጀምሩም።